ኪስ ውስጥ የከረመችው ካሴት

ሁለት ቅጂዎችን ጎን ለጎን ካዳመጥኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። አንደኛው አሜሪካዊው ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1982 (እዚህ ያለው ቀንና ዘመን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) በተከራየው ቤት መኝታ ክፍል ውስጥ ብቻውን በካሴት የቀዳው «ኔብራስካ» የተባለው አልበም ነው። ሁለተኛው በዚያው ዓመት ከባንዱ ጋር ኒውዮርክ ትልቅ ስቱዲዮ ገብቶ ሲሞክራቸው የተቀዱት ናቸው። እነዚህ ከአርባ ዓመት በላይ ተቆልፎባቸው ኖረው በ2025 ለሕዝብ ወጡ። በመሣሪያ ቢለካ ሁለተኛው ይበልጣል። ከበሮው ጥርት ብሎ ይመታል፣ ቤዙ መሬት ይይዛል፣ ከዘፋኙ ኋላ ሽሽ የሚል ነገር የለም። ቃሉም ዜማውም ያው ነው። ሆኖም የመጀመሪያው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ኃጢአቱን የሚነግረኝ ሰውዬ፣ ሁለተኛው ላይ የለም። ወጥቶ ሄዷል።

ለምን? «ስሜት ስለሌለው» የሚለው መልስ አይበቃኝም። በሽቦና በክር ውስጥ የሚያልፈው የአየር ንዝረት ግልባጭ ብቻ ነው። ያ ሰውዬ በመጀመሪያው ቅጂ ውስጥ ካለ፣ እዚያ ያስቀመጠው የሚታወቅ ነገር መኖር አለበት፤ የማይክሮፎን አቀማመጥ፣ የክር ፍጥነት፣ የትራክ ቁጥር፣ የድምፅ መጠን። መልሱን የፈለግኩት እዚያ ነው፤ ያገኘሁትም እዚያ ይመስለኛል።

## ወንበር፣ ሁለት ማይክሮፎን፣ አራት ትራክ

ስፕሪንግስቲን ከዚያ በፊት በ1980 ያወጣው «ዘ ሪቨር» ባለ ሁለት ሸክላ ሥራ ነበር፤ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ ያደረገውም እሱ ነው። የእሱ ባንድ፣ ኢ ስትሪት ባንድ ማለት ፒያኖ፣ ኦርጋን፣ ሳክስፎን፣ ሁለት ሦስት ጊታር አንድ ላይ ሲነሳ ግድግዳ የሚያክል ድምፅ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው በሙዚቃ ቢተረጎም ይህን ባንድ ይሆን ነበር። ችግሩ ዘፈኖቹ የሚጻፉትና የሚቃኑት ስቱዲዮ ውስጥ፣ በሰዓት እየተከፈለ መሆኑ ነበር። ወራት ያልፋሉ፣ ገንዘብ ያልቃል። ስለዚህ ለጊታር ቴክኒሺያኑ ለማይክ ባትላን ቀላል ትእዛዝ ሰጠ፦ ቤት ውስጥ ዘፈን የምሞክርበት ትንሽ መቅጃ ፈልግልኝ። አልበም ለመሥራት አልነበረም፤ ለባንዱ የሚያሰማው ረቂቅ ለማዘጋጀት ነበር።

ባትላን ያመጣው ቲያክ 144 ፖርታስቱዲዮ ነው። ዋጋው አንድ ሺህ ዶላር ገደማ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ተራ ካሴት የሚውጥ መሣሪያ። ካሴት አዙሮ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ተራ ካሴት ላይ ክሩ በአራት ቀጭን መስመር (ትራክ) ይከፈላል፤ ሁለቱ ለአንደኛው ገጽ ግራና ቀኝ፣ ሁለቱ ለሌላኛው ገጽ። ፖርታስቱዲዮ ግን ገጽ አያውቅም፤ አራቱንም መስመር በአንድ አቅጣጫ፣ አንዱን ከሌላው ለይቶ ይቀዳል። ካሴቱን ገልብጠህ ብታጫውተው ዘፈኑ ከኋላ ወደ ፊት ይመጣል። ፍጥነቱም እጥፍ ነው። ተራ ቴፕ ክሩን በሰከንድ 4.75 ሴንቲሜትር ሲስብ ይህ 9.5 ይስባል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ በያንዳንዱ ሰከንድ ብዙ ክር ስለሚያልፍ ቀጭኑ ድምፅ ይበልጥ ይጠራል፣ የክሩ ሽሽታም ይቀንሳል። ኪሳራውም ግልጽ ነው፦ የ60 ደቂቃ ካሴት 15 ደቂቃ ብቻ ይይዛል። ሦስት ወይም አራት ዘፈን ካስገባህ አለቀ።

ግን የክሩ አጠቃላይ ስፋት 3.81 ሚሊሜትር ነው። ለአራት ሲካፈል ለአንድ ትራክ የሚደርሰው ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። ትራክ በቀጠነ ቁጥር የሚይዘው ድምፅ ከሽሽታው ጋር ይቀራረባል። ፍጥነቱ የሰጠውን ቀጭንነቱ መልሶ ይወስዳል። ይህን ሚዛን የሚያውቅ ባለሙያ ዘዴው አንድ ነው፦ ጠቋሚው መርፌ ቀዩን እስኪነካ ድረስ ጠንከር አድርጎ መቅዳት። ለስላሳ ሲዘፈን ሽሽታው ይሰማል፣ ሲጮህ ክሩ ይጠግብና ድምፁ ይሻክራል። በዚህ አልበም ላይ ሁለቱም ደርሰዋል።

ማይክሮፎኖቹ ሁለት ሹር ኤስኤም57 ናቸው። ይህ ማይክሮፎን በማንኛውም መድረክ ላይ ከከበሮ አጠገብ ተደፍቶ የሚገኝ፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የሚናገሩበት ጠረጴዛ ላይም ለዓመታት የቆመ፣ ቢወድቅ የማይሰበር ነው። ውድ የስቱዲዮ ማይክሮፎን የክፍሉን ጥግ ሁሉ ይሰማል፤ ይህ ግን ራቅ ያለውን ይንቃል፣ ቀረብ ያለውን ይወዳል። አፍህን ጥቂት ሴንቲሜትር ድረስ ካስጠጋህለት ወፍራሙን ድምፅ ያጎላል፣ ሹክሹክታህን ደረት ያለው ያደርገዋል። ኒው ጀርሲ ኮልትስ ኔክ በሚገኘው ቤት፣ ጥር 3 ቀን 1982፣ ስፕሪንግስቲን ወንበር ላይ ተቀምጦ አንዱን ለአፉ፣ አንዱን ለጊታሩ አድርጎ አብዛኞቹን ዘፈኖች ቀዳ።

## የማይፈታው ቋጠሮ

ለእኔ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስለዚህ አልበም ሲወራም የሚዘለለው ይህ ነው።

ስቱዲዮ ውስጥ ዘፋኝ መጀመሪያ ጊታሩን ይቀዳል፣ ቀጥሎ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ድምፁን ለብቻው ይቀዳል። አንድ ቃል ቢሳሳት ያቺን ቃል ብቻ ይደግማል። ሃያ ጊዜ ዘፍኖ ከየቦታው ጥሩ ጥሩውን መቁረጥና መቀጠልም ይችላል። አራት ትራክ ብቻ ያለው ሰው ግን ይህን ማድረግ ያሳሳዋል። ስፕሪንግስቲን ሁለቱን ትራክ ለድምፅና ለጊታር ሰጠ፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እየዘፈነ እየተጫወተ። የቀሩት ሁለት ትራኮች ለተጨማሪ ናቸው፦ አንድ ቦታ ሁለተኛ ድምፅ፣ ሌላ ቦታ ማንዶሊን ወይም ታምቡሪን፣ አንዳንዴ ትንሽ ግሎከንሽፒል (እየተመታ የሚያቃጭል የብረት መሣሪያ)። ከዚያ በላይ መጨመር ከፈለገ የሞሉትን ትራኮች ወደ አንድ ባዶ ትራክ ማጠራቀም አለበት፤ በያንዳንዱ ማጠራቀም ሽሽታው ይደራረባል፣ ብርሃኑ ይደበዝዛል።

አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲዘፍንና ሲጫወት በአፉና በጊታሩ መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ሜትር ያህል ነው። የድምፁ ማይክሮፎን ጊታሩን ይሰማል፣ የጊታሩም ማይክሮፎን ድምፁን ይሰማል። ባለሙያዎች ለዚህ ደንብ አላቸው፦ በሁለት ማይክሮፎን መካከል ያለው ርቀት፣ እያንዳንዱ ከሚቀዳው ነገር ካለው ርቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን። ማይክሮፎንህ ከጊታሩ 15 ሴንቲሜትር ከራቀ፣ ከሌላው ማይክሮፎን 45 ይራቅ። ይህ ካልሆነ ያው ድምፅ ሁለቱ ጋ በተለያየ ሰዓት ይደርስና ሲደባለቁ አንዱ የሌላውን ይበላል፤ ድምፁ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ይመስላል። ደንቡ ቢጠበቅ እንኳ ሁለቱ ፈጽሞ አይለያዩም። በዚህም የተነሳ ቃል ተሳስቶ ያንን ቃል ብቻ መድገም አይቻልም፤ የድሮው ቃል ጊታሩ ትራክ ላይ እንደ ጥላ ቀርቷልና። ወይ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ትደግማለህ፣ ወይ ስህተቱን ትቀበላለህ።

ስለዚህ እነዚህ ዘፈኖች ላይ የምንሰማው ያልተቆረጠ፣ ያልተቀጠለ ጊዜ ነው። ስንኙ ሲከብደው ጊታሩ ይዘገያል፤ ታሪኩ ሲጣደፍ ጣቶቹም ይጣደፋሉ። ድምፅና ጣት በአንድ ትንፋሽ ስለሚንቀሳቀሱ ነው። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን የሚያወራው በ1958 ከኔብራስካ ተነስቶ ብዙ ሰው ስለገደለው ስለ ቻርልስ ስታርክዌዘር ነው፤ የሚናገረው ደግሞ «እኔ» እያለ ነው። በዚህ ዓይነት ንግግር ውስጥ ዘፋኙ ትንሽ ድምፁን ከፍ ቢያደርግ ትወና ይሆናል። ክፍሉ ጸጥ ካላለና ማይክሮፎኑ ካልቀረበ ያንን ድምፅ ማውጣት አይቻልም።

## ውሃ የገባበት ቴፕ

አራቱ ትራክ ወደ ሁለት (ግራና ቀኝ) መደባለቅ ነበረበት። ስቱዲዮ ቢሆን ለዚህ የሚሆን ትልቅ መቅጃ ይኖራል። እዚያ ቤት የነበረው አንድ የፓናሶኒክ ተንቀሳቃሽ ቴፕ ነው፤ ያ በየሰፈሩ ትከሻ ላይ ይታዘል የነበረው ዓይነት። ይህ ቴፕ ቀደም ሲል ውሃ ውስጥ ወድቆ ሞቷል ተብሎ ተጥሎ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ራሱ ተነሳ። ባትላንና ስፕሪንግስቲን የፖርታስቱዲዮውን ድምፅ ኤኮፕሌክስ በሚባል ማሚቶ ሰሪ መሣሪያ አሳልፈው ወደዚህ ቴፕ ቀዱት።

ኤኮፕሌክስ ዲጂታል ነገር አይደለም። ውስጡ ዙሪያውን የሚሽከረከር የክር ቀለበት አለው፤ አንድ ራስ ይቀዳል፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላው ራስ ያነባል፣ በመካከል ያለው ርቀት የማሚቶውን መዘግየት ይወስናል። ተንሸራታቹን ብታስጠጋው ማሚቶው ከቃሉ ጋር ይጣበቃል፤ ብታርቀው እንደ ሸለቆ ይመልሳል። ክሩ ሲያረጅ ፍጥነቱ ትንሽ ይዋዥቃል፣ ማሚቶውም ይንቀጠቀጣል። ጥንቃቄ የሚሻው እዚህ ነው፦ ጠንቃቃ ባለሙያ ማሚቶን ለብቻው ይይዛል፣ በኋላ ልቀንሰው እችላለሁ ብሎ። እነዚህ ግን ሙሉውን ድብልቅ በማሚቶው ውስጥ አሳልፈው አንድ ላይ አተሙት። አንዴ የታተመ ማሚቶ እንደ ወጥ ጨው ነው፤ መልሶ የሚያወጣው የለም።

የቴፖችን ነገር የሚያውቅ ሌላም ነገር ይገምታል። ውሃ የጎበኘው ሞተር ፍጥነቱ ትክክል አይሆንም። ቀስ ብሎ እየዞረ የቀዳ ቴፕ፣ ካሴቱ በትክክለኛ መሣሪያ ሲጫወት ዘፈኑን ያፈጥነዋል፣ ቅኝቱንም ከፍ ያደርገዋል፤ ፈጥኖ እየዞረ የቀዳ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ከእነዚህ ቅጂዎች ጋር ጊታር ይዞ ለመጫወት የሞከረ ሰው የጊታሩን ክር ትንሽ ማጥበቅ ወይም ማላላት ይገደዳል፤ ከፒያኖ ቁልፍ ጋር በትክክል አይገጥሙምና።

ካሴቷ አለቀች። ግልባጭ ለሥራ አስኪያጁ ለጆን ላንዳው ከማስታወሻ ጋር ተላከ፤ ዋናዋን ስፕሪንግስቲን ኪሱ ውስጥ ከተታት፣ ያለ ማቀፊያ። ሳምንታት እዚያው ከረመች፤ ካሴት ኪስ ውስጥ ከቆሻሻና ከሙቀት ጋር ሲንከራተት ምን እንደሚሆን ለሚያውቅ ሰው ይህ ልብ የሚያቆም ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ቢባል ማን ይፈርዳል? እነሱም ቢሆኑ ለዘላለም የሚኖር ነገር የያዙ አልመሰላቸውም።

## ፓወር ስቴሽን፣ 1982 ጸደይ

ባንዱ ኒውዮርክ ፓወር ስቴሽን ስቱዲዮ ተሰበሰበ። ካሴቷ ላይ ያሉት ዘፈኖች አንድ በአንድ ተሞከሩ። አንዳንዶቹ ወዲያው ተነሱ። «ቦርን ኢን ዘ ዩ.ኤስ.ኤ.» የተባለው ዘፈን መጀመሪያ የኖረው በዚያችው ካሴት ላይ ነው፤ በአንድ ጊታር የሚጉረመረም ቀጭን ነገር ነበር። ባንዱ ሲነካው በጥቂት ሙከራ ቆመ፣ በ1984 ዓለም የሰማውም ያ ነው። የመኝታ ክፍሉ ቅጂ በ1998 ሲወጣ ያዳመጠ ሰው ያስታውሳል፤ እዚያ ላይ ባንዱ ትክክል ነበር። ይህን የምጠቅሰው ትንሽ መቅጃ ሁልጊዜ ይበልጣል የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነው። አይበልጥም። ከአንድ ካሴት ወጥቶ አንዱ ዘፈን ባንድ ጠየቀ፣ ሌላው እምቢ አለ።

እምቢ ያሉት ለምን እምቢ አሉ? ከበሮ ሲገባ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ሰዓት ይታሰራል። ብቻውን የሚጫወት ሰው ስንኝ መጨረሻ ላይ ግማሽ ምት ቢያዘገይ ማንም አይጠይቀውም፤ አምስት ሰው ከኋላው ካለ ሁሉም አብሮ መዘግየት አለበት፣ ስለዚህ ማንም አይዘገይም። ሁለተኛ፣ ዘፋኙ ይጮሃል። በእንጨት የሚመታ ከበሮ ያለበት ክፍል ጩኸቱ በቀላሉ 100 ዴሲቤል ይደርሳል፤ በጆሮ ማዳመጫም ቢሆን ያንን የሚሰማ ሰው ሳያውቀው ጉሮሮውን ይከፍታል። ጉሮሮው ሲከፈት ዜማው ይደምቃል፣ ተናዛዡ ይጠፋል። እኔ በ2025ቱ ቅጂ ላይ «ወጥቶ ሄዷል» ያልኩት ሰውዬ የሄደው በዚህ በር ይመስለኛል።

ነገር ግን ባንዱን ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጉደል ነው። ስፕሪንግስቲን ስቱዲዮ ውስጥ ብቻውንም ሞክሯል፣ በተሻለ ማይክሮፎን፣ በጸጥታ ክፍል። አልመጣም። እዚህ ላይ ነው ቆም ብዬ ያሰብኩት። ከበሮ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ያው ሰው፣ ያው ጊታር። የጎደለው ምን ነበር? እንደሚገባኝ ሁለት ነገር። መኝታ ክፍሉ ውስጥ «ይህ ረቂቅ ነው» ብሎ ነው የዘፈነው፤ ስቱዲዮው ውስጥ «ይህ ያ ዘፈን ነው» ብሎ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባላል፤ ያው ልቅሶ ሁለተኛ ጊዜ ተደግሞ ሲለቀስ ግን ሌላ ነው። ሌላው ክሩ ራሱ ነው። ሽሽታው፣ ማሚቶው፣ የተሻከረው ጫፍ ለእነዚህ ታሪኮች ቦታ ሠርተውላቸዋል፦ ሌሊት፣ ራቅ ያለ መንገድ፣ ደከም ያለ ሬዲዮ። ንጹህ ማይክሮፎን ያንን ቦታ አፍርሶ ዘፋኙን ምንም በሌለበት ነጭ ክፍል ያቆመዋል።

ከዚያ ያ ቅጽበት መጣ። ስፕሪንግስቲን ካሴቷን ከኪሱ አውጥቶ የቀረጻ መሐንዲሱን ቶቢ ስኮትን ጠየቀው፦ ከዚህች በቀጥታ ሸክላ ማውጣት ይቻላል ወይ?

የጥያቄውን ክብደት ለማየት የዚያን ጊዜ ስቱዲዮ ማሰብ ያስፈልጋል። የቀረጻ ክር 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው፣ 24 ትራክ የሚይዝ፣ ከካሴቷ በብዙ እጥፍ ፍጥነት የሚዞር ነው። ያንን ሁሉ ትቶ ጥፍር የምታክል ክር ላይ የተቀዳ ነገር ለትልቅ ኩባንያ ማቅረብ ማለት ነው፤ ያውም የሰንጠረዥ አንደኛ ከሆነ ሥራ ቀጥሎ። ለወራት «እንዴት እናሻሽለው» ሲባል የነበረው በአንድ ጊዜ «ሳንነካው እንዴት እናድርሰው» ሆነ። ሥራው ሁሉ አቅጣጫውን ቀየረ።

## ሸክላው አልቀበል አለ

ሳይነኩ ማድረስ ደግሞ ከማሻሻል የባሰ ከበደ። ሸክላ ሲታረስ (ሌላ ቃል አላገኘሁለትም፤ በእርግጥም ፈር ነው የሚወጣው) የመቁረጫው መርፌ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ሁለቱም ድምፅ ማጉያ ላይ እኩል ያለውን ይጽፋል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ይጽፋል። የካሴት መቅጃ ራስ ትንሽ እንኳ ካዘነበለ ግራና ቀኙ አብረው አይደርሱም፤ መጨረሻው የማይገጥም ንዝረት ነው። ያ ንዝረት መርፌውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ፈሩ ይሳሳል፣ ገዝቶ ያጫወተው ሰው ቤት መርፌው ይዘላል። መጠኑን ዝቅ አድርገህ ብታርሰው ፈሩ ይይዛል፤ ግን የካሴቱ ሽሽታ ላይ የሸክላው ጭረት ይጨመርበታል።

ቶቢ ስኮትና ፕሮዲዩሰሩ ቸክ ፕሎትኪን ካሴቷን ይዘው ከባለሙያ ወደ ባለሙያ ዞሩ። አልሆን ሲል በካሴት ብቻ ለማውጣት እስከማሰብ ደረሱ። በመጨረሻ አትላንቲክ ስቱዲዮ ውስጥ በዴኒስ ኪንግ እጅ ሸክላው ተቆረጠ፤ ደረጃው ዝቅ ብሎ። ይህን አልበም ከሌላ ሸክላ ቀጥለህ ስታጫውት ማጉያውን ከፍ የምታደርገው ለዚህ ነው። ከፍ ስታደርገው ደግሞ ሽሽታው አብሮ ከፍ ይላል፣ ክፍሉም ይከፈታል።

መስከረም 30 ቀን 1982 ወጣ፤ አሥር ዘፈን። አልበሙ ላይ የቀረጻው መሣሪያ በስሙ ተጽፎ፣ ቀራጩ ማይክ ባትላን ተብሎ። ለማስተዋወቅ ጉዞ አልተደረገም። እንዲያም ሆኖ በአሜሪካ ሦስተኛ ደረጃ ድረስ ወጣ።

«ስቴት ትሩፐር» የሚለውን ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ስማው። ጊታሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነገር ይደጋግማል፣ ድምፁ ከንፈር ላይ ነው። ወደ መጨረሻው ሳያስጠነቅቅ ይጮሃል። ስቱዲዮ ቢሆን ኮምፕረሰር (ከፍ ያለውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) ይይዘው ነበር፤ ካልያዘውም ከመስታወቱ ማዶ ያለው ሰው እጁን አንስቶ «እንደገና» ይል ነበር። እዚህ ክሩ ጠግቦ ድምፁ ጫፉ ላይ ይቀደዳል፤ ከጩኸቱ ኋላ የኤኮፕሌክሱ ክር ያንኑ ጩኸት ትንሽ አዘግይቶ ይመልሰዋል። ጊታሩ አልቆመም። ቴፑም አልቆመም።